በአንድ ጣት የሚያዝ ፍሬን

ሰውየው የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ጓደኞቹ «ሞርሳ» ይሉታል፤ በጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ነክሶ እንደሚይዘው ሞርሳ፣ እጁ አንዴ የጨበጠውን አይለቅም። ታላቅ እህቱ ደግሞ መነጽር ሠሪ ናት። ባለፈው ዓመት ደረጃ አዳልጧት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። መስታወት ለመሞረድ ይበቃል፤ የብስክሌት ፍሬን ጨምቆ ለመያዝ ግን አልቻለም።

ብስክሌቷ ቀጭን ጎማ ያለው ኮርሳ ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ ከከተማ ወጥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ እስከ ግድቡ ደርሳ ትመለስ ነበር። ከሳምንቱ ውስጥ የራሷ የሆነው ያ ማለዳ ብቻ ነው። ከስብራቱ ወዲህ ብስክሌቱ ኮሪደሯ ውስጥ ቆሞ የዣንጥላና የካፖርት ማንጠልጠያ ሆነ።

ሞርሳ ይህን ማየት አልሆነለትም። የብስክሌቱ ፍሬን ጎማው መሃል ያለውን የብረት ሳህን የሚይዝ ዲስክ ቢሆንም የሚሳበው በሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ የእጅን ጉልበት መንገድ ላይ ይበላዋል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ግን አንድ ጣት ይበቃል። ሃያ ቶን የጫነ መኪና በእግር ጫፍ ሲቆም ዕድሜውን ሙሉ አይቷል። ስለዚህ ዕቃውን አስመጣና ብስክሌቱን ከእህቱ ቤት ወስዶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሥራውን ጀመረ።

እንደ ጋራዡ ሥራ በችኮላ አልሠራውም። የመኪና ፍሬን ዘይት የዚህን ላስቲክ እንደሚበላው አንብቦ ስለነበር ትክክለኛውን ዘይት ገዝቷል። ቀጭኑን ቱቦ በብስክሌቱ አጥንት ውስጥ አሳለፈ፤ ዘይቱን ከታች በመርፌ ገፍቶ፣ ከላይ አየሩ አረፋ እየሆነ እስኪያልቅ ድረስ ቱቦውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ጠበቀ። ሚስቱ ልታየው ገብታ የፍሬኑን መያዣ ልትነካ ስትል፣ ጎማው ወጥቶ ሳለ ከተጨመቀ ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚነክሱት ሸራዎች ይጣበቃሉ ብሎ አባረራት። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ዲስኮች እስኪያበሩ ድረስ ወለወላቸው።

በማግስቱ እህትየው መጣች። ከቤቱ በር ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ለስላሳ ቁልቁለት አለው። መጀመሪያ የኋላውን ጎማ የሚይዘውን የግራውን ሞከረች፤ ቀጥ አለ። ከዚያ የቀኙን ያዘች። እሱ የፊተኛው ጎማ ፍሬን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ነፍስ የሚያድነውም እሱ ነው። ብስክሌቱ ሲጥ እያለ እንደ መሸማቀቅ አለና መውረዱን ቀጠለ። በግራዋ አቁማ ወረደች። ብስክሌቱን አላየችም፤ ያየችው እጇን ነው።

«ግራው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ፤ እጅህ ይባረክ» አለችው። «ቀኙን ተወው። ፍሬኑ ምንም አልሆነም። እጄ ነው።»

ብስክሌቱን ለሚፈልግ ሰው እንዲሰጠው ነግራው በእግሯ ሄደች።

ሞርሳ ዘይቱን እንደገና ሞላ፤ ብሎኖቹን ፈትቶ አጠበቀ። ጎማውን አንሥቶ በእጁ ሲያሽከረክረውና ሲይዘው ወዲያው ይቆማል። ለሚስቱም እንዲህ አላት፦ ብረቱ አንድ፣ ዘይቱ አንድ፣ ሠሪው አንድ፤ ልዩነቱ እጅ ብቻ ነው፤ እህቱ እውነቷን ነው።

ሚስቱ ግን አልዋጥልሽ አላት። አንተ ነድተህ ሞክረኸዋል ወይ ስትል ጠየቀችው። ነገሩ ተረብም ነበር፤ ሃያ ጎማ የሚፈታው ሰው ሁለት ጎማ ላይ መቀመጥ እንደማይችል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሞርሳ ተናደደና ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ቁልቁለቱን ከጎኑ እየሮጠ ወርዶ የቀኙን ፍሬን በዚያ እጁ ጨመቀው። ጎማው ሲጥ እያለ ጎተተው። መንገዱ መሃል ቆሞ ሲስቅ ሚስቱ የወደቀ መስሏት ደረሰች።

«የኔም እጅ አላቆመውም» አላት።

እሷ ጎንበስ ብላ ዲስኩን አሸተተችው። «ይሄማ ያንተ ቱታ ሽታ ነው» አለች።

ያኔ ትዝ አለው። ግራው የሚይዘውን የኋላውን ዲስክ የወለወለው ከዕቃው ጋር በመጣው ንጹሕ ጨርቅ ነበር። ያ ሲቆሽሽበት፣ ቀኙ የሚይዘውን የፊተኛውን ከቱታው ኪስ በወጣው ጨርቅ ወለወለው፤ በናፍጣና በግሪስ በኖረው ጨርቅ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት የፊተኛውን ጎማ ከነዲስኩ ትከሻው ላይ አድርጎ እህቱ ሱቅ ገባ። አንድ መስታወት በጠርዙ ይዛ ወደ ብርሃን እያየች ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ ስድቡንም ይጠብቅ ጀመር። እሷ መስታወቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እጄ አይደለም?»

«አይደለም እታለም። ጨርቄ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ለማንም ያላለችውን ተናገረች፦ ዛሬ ፍሬን ያቃተው እጅ ነገ መስታወቱም ያቅተዋል እያለች ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ነበር። ሱቁን ለማን እንደምትተው ሁሉ አስባለች። «እንዲህ ከሆነማ ዕዳው ገብስ ነው» አለችና ፊቷን በሁለት እጆቿ አበሰች። ስድቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንተ፣ እኔ የመስታወት ፊት በጣቴ ወይ በቆሸሸ ጨርቅ ስነካ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ዲስኩን መስታወት በምታጸዳበት አልኮልና ባልተነካ ጨርቅ ራሷ ጠረገችው። እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ እንዲቆም ታዞ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመ። የፊተኛው ሸራ ቅባቱን ስለጠጣ ከሰዓት እሱ ቤት ሄደው በአዲስ ተለወጠ፤ ያንንም የገጠመችው እሷ ናት፤ እሱ ከሩቅ በአገጩ እያመለከተ።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይነክስም፤ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ማምሻውን በዚያው ቁልቁለት እየወረደች ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አደረገች። መጀመሪያ ልፍስፍስ ነበር፤ እየቆየ ጠበቀ። ከዚያ መንገዱ ራስ ድረስ ወጥታ ዞረችና በፍጥነት መውረድ ጀመረች። ሞርሳ ከታች መንገዱ መሃል ቆሟል፤ ሚስቱ ክንዱን ያዘች። እሱ ግን ከመንገዱ አልወጣም።

ብስክሌቱ ከጫማው ጫፍ ስንዝር ሲቀረው ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። እህቱ ቀኝ እጇን አነሣች፤ አመልካች ጣቷ ብቻ ነበር የታጠፈው። ለእሑድ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው።

ሞርሳ ደስ ሲለው የመኪና ጎማ መታ መታ እንደሚያደርገው እጁን ወደ ዲስኩ ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው እህቱ።