ለማየት ብቻ

ሥራነሽ መኪና በኮንትራት መያዟን የሰሙ ጎረቤቶቿ መጀመሪያ የጠየቋት "ማን ሞተ?" ብለው ነው። ማንም አልሞተም ስትላቸው "ታዲያ ማን ታመመ?" አሉ። የታመመም አልነበረም። ሠርግ ነው እንዳይባል ወሩ ገና ጥቅምት ነው። በመጨረሻ ቢጨንቃት "ጮቄን ለማየት ነው የምሄደው" አለቻቸው። "ለማየት ብቻ?" አሉና እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷማ ጡረታ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ ለሌላዋ በሹክሹክታ ነገረቻት።

እውነቱን ለመናገር አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ሰው መኪና ከነሹፌሩ ለአንድ ቀን ሙሉ የሚይዘው ሙሽራ ሊያመጣ፣ በሽተኛ ሊያደርስ ወይ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ተራራ ደግሞ የትም አይሄድ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል። ለሥራነሽ ግን አልበቃትም። ለምን እንዳልበቃት ለማንም አልተናገረችም፤ ትንፍሽ የሚባል ነገርም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራነሽ ሠላሳ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጮቄን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥላ ከላዩ የሚነሡትን ወንዞች ስትዘረዝር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?" ስትል ጠየቀቻት። ስድሳ ልጅ ዐይን ዐይኗን ያያል። ሥራነሽ "አዎ" አለች። እዚህ ላይ ብታበቃ ደግ ነበር። አላበቃችም። "ጫፉ ላይ ቆሜ በአንድ በኩል የዐባይን ሸለቆ፣ በሌላ በኩል ጣናን አይቻለሁ። ጣና ከሩቅ ያብረቀርቃል" አለች። ልጆቹ ነገሩ ጣማቸው። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ወሬውን ከታላላቆቹ ሰምቶ ኖሮ ገና ከመግባቱ "የጣናውን ይንገሩን" አላት። ነገረቻቸው። በዓመቱ ንፋስ ጨመረችበት፣ በሌላው ዓመት ንስር። እንዲህ እንዲህ እያለ ውሸቱም ከእሷ እኩል ሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎ አብሯት ጡረታ ወጣ።

ጮቄን ግን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም። መጀመሪያ ልጆች ማሳደጉ ነበር፣ ቀጥሎ የባሏ ሕመም፣ ከዚያ ጉልበቷ። ዘንድሮ ጉልበቷ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እንኳ በእረፍት በእረፍት የሚያወጣት ሆነ። ዘንድሮ ካልወጣችው መቼም እንደማትወጣው ገባት። ሳታየው ከሞተች ደግሞ ውሸታም ሆና ነው የምትሞተው። ይህ ነበር እንቅልፍ የነሣት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ መኪና በሯ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደና በሩን ሊከፍትላት ሲል ፊቷን አይቶ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

"ቲቸር! እርስዎ ነዎት እንዴ? ሙነወር ነኝ! ስምንተኛ 'ሐ'! የሐጂ ፈሐድ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴው!"

ሥራነሽ ደነገጠች። ከደብረ ማርቆስ ሹፌር ሁሉ መርጦ ደላላው የላከላት የገዛ ተማሪዋን ነው። ሙነወር ግን ደስታው አላስቀምጥ አለው።

"ደላላው 'አንዲት ወይዘሮ ጮቄን ማየት ይፈልጋሉ' ሲለኝ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ መች ጠረጠርኩ! እንግዲህ ዛሬ አስጎብኚው እርስዎ ነዎት። ያን ጣና የሚታይበትን ቦታ ያሳዩኛል።"

"እስቲ እንሂድ" አለች ሥራነሽ። በሩን ራሷ ከፍታ ገባች።

"መፍጠን አለብን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጉሙ ይመጣል። አንዴ ከመጣ የገዛ እጅዎንም አያዩት።"

ሮብ ገበያ ከተማን አልፈው ሽቅብ ሲያያዙት ጤፉ ቀረና ገብስና ድንች ብቻ ሆነ። ብርዱ በመስኮቱ ይገባል። ሙነወር ትዝታውን ያወራል፤ ስለ ንፋሱም ስለ ንስሩም አንድ ሳይቀር ያስታውሳል። ፈተና ላይ እንዲህ ቢያስታውስ የት በደረሰ ነበር ብላ ሥራነሽ በሆዷ ተናደደችበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት አንዲት መንደር ደረሱ።

"የጣናው ጫፍ በየትኛው በኩል ነው ቲቸር?"

"ያኔ … ያኔ እንዲህ አልነበረም። ሰው ልጠይቅ" ብላ ወረደች።

የደጋው ንፋስ ገና ከመኪናው ሳትርቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ገፎ ወሰደው። በእጇ ተሻምታ ያዘችና እንደ መጣላት ጭንቅላቷ ላይ ጠመጠመችው። ጥለቱ ወደ ላይ መምጣቱን ልብ አላለችም። ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን ምልክት መሆኑን የምታውቅ ሴት ናት፣ ስንቱን ለቅሶ የደረሰች። ግን ሲበርድ ማን ጥለት ያያል?

ያዩማ ነበሩ። ከአጥሩ ማዶ ድንኳን ተተክሎ ሐዘንተኛ ተቀምጧል። አያ መሳፍንት የሚባሉ የመንደሩ ሰው ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ደብረ ማርቆስ ትኖራለች የምትባል፣ በወሬ እንጂ በዐይን የማያውቋት የአክስታቸው ልጅ ለቀብሩ አልደረሰችም ነበርና በየሰዓቱ መንገድ መንገዱን ሲያዩላት ሰንብተዋል። እነሆ የኮንትራት መኪና ቆመ። እነሆ የከተማ ሴት ወረደች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

"መጣች! የማርቆሷ መጣች!" የሚል ጩኸት ተሰማና ዋይታው ተነሣ።

ሥራነሽ "አይ፣ እኔ እንኳ …" ማለት ጀምራ ነበር። ግን ሁለት ሴቶች በሁለት ክንዷ ገቡ፣ ሦስተኛዋ አንገቷ ላይ ወደቀች። ደጅ ድረስ መጥቶ፣ እየተለቀሰ፣ "ተሳስታችኋል፤ እኔ ተራራ ልጎበኝ ነው" የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ጭራሽ እሷም አለቀሰች። ባሏን ከቀበረች አራት ዓመቷ ነው፤ የተጠራቀመ እንባ ነበራትና ወረደላት። ሙነወር ግራ ገብቶት ተከትሏት ገባና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ሳሕን ንፍሮ ሰጡት።

ልቅሶው ጋብ ሲል ሥራነሽ ሰዓቷን በስርቆት አየች። አራት ሰዓት አልፏል። ከድንኳኑ ሥር አሻግራ ስታይ ከታች ከቆላው በኩል ነጭ ነገር መነሣት ጀምሯል። ከሐዘን ቤት ደግሞ ተቀምጦ ወዲያው መነሣት ነውር ነው። የሟቹ ሚስት፣ ወለተ ማርያም የሚባሉ ባልቴት፣ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ያዙ።

"እናትሽ እንዴት ነች፣ ልጄ? እግሯን ተሻላት?"

የምትጠየቀው ስለማታውቃት ሴት እግር ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት" የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀላል ነበር። ጮቄንም እንዲህ ባለች አንዲት ቀላል "አዎ" ነው የጀመረችው። ሥራነሽ ዐይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የማርቆሷ ዘመድዎ አይደለሁም። አያ መሳፍንትንም አላውቃቸውም። ጮቄን ለማየት መጥቼ፣ መንገድ ልጠይቅ ነው የወረድኩት።"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ለማየት ብቻ?" አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ዘማርያም።

ሙነወር መምህርቱ ስትዋረድ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። የንፍሮውን ሳሕን አስቀምጦ ተነሣ። "መምህር ናቸው እኮ! አገሩን የሚያውቁ ሰው ናቸው! ድሮ ጫፉ ላይ ወጥተው ጣናን ያዩ! እኛን ሁሉ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው!"

"ጣናን?" አለ ዘማርያም። የክፋት ድምፅ አልነበረም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። "እዚሁ ተወልጄ አምሳ ዓመቴ ነው። ከየትኛው ጫፍ ነው ጣና የሚታየው፣ እትዬ?"

ሁሉም ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ስድሳው ልጅም እንዲህ ነበር ያያት፤ አሁን የሚጠብቋት ግን ሽማግሌዎች ናቸው። ሥራነሽ ሙነወርን አየችው። ፊቱ ላይ ያለው እምነት አንጀቷን በላው።

"አላየሁም" አለች። "ጣናን አላየሁም። ጮቄንም ወጥቼው አላውቅም። ውሸቴን ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጆች ዋሽቻለሁ። ሙነወር፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ። ዛሬ የመጣሁት ሳላየው እንዳልሞት ብዬ ነው።"

ከዚያ ከወለተ ማርያም በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ አዲስ ልቅሶ የጀመሩ መስሏቸው ደግፈው ሊይዟቸው ተነሡ። ሴትዮዋ ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ እየሳቁ ነበር።

"የኔ መሳፍንት!" አሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "ነብር በጭራው ይዤ ጎትቻለሁ ይል አልነበረም? ስንጋባ ግልገል ነብር ነበር። አርባ አምስት ዓመት በየዓመቱ ሲያድግብኝ ኖረ! ዘንድሮ በሬ አክሎ ነበር!"

ዘማርያም አፉን በጋቢው ሸፈነ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዳ። ሦስት ቀን ያለቀሰ ድንኳን እንዲህ ሲስቅ ያዩ ጎረቤቶች በኋላ ብዙ አወሩበት ይባላል፤ ያውሩ። ወለተ ማርያም የሥራነሽን እጅ ሳይለቁ ወደ ዘማርያም ዞሩ።

"በል ተነሣ፣ የወንድምህን በቅሎ ጫንላት። እሱስ ነብሩን ሳያይ ሞተ። እሷ ተራራዋን ታየው! ቶሎ በሉ፣ ጉሙ እየመጣ ነው!"

መኪናዋ ከመንደሩ በላይ ብዙም አልራቀች፤ መንገዱ አለቀ። ከዚያ ሥራነሽ በበቅሎ፣ ዘማርያም ልጓም ይዞ፣ ሙነወር ከኋላ እያለከለከ ወጡ። የጓሳው ሣር እርጥብ ነው። ግራና ቀኝ የጅብራው ተክል ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ሙነወር ከድንኳኑ ጀምሮ ዐይኗን ይሸሻል። ወደ ኋላ በዞረች ቁጥር ጉሙ ቀርቧል። መንደሩን ዋጠ። መኪናዋን ዋጠ። "ሂጅ!" አለች ሥራነሽ በቅሎዋን፣ በዕድሜዋ በቅሎ ነድታ የማታውቅ ሴት። "ሂጅ እንጂ!" ዘማርያም ሳቀና መሮጥ ጀመረ።

የመጨረሻው አቀበት ድንጋይ ስለሆነ በቅሎዋ ቆመች። ሥራነሽ ወረደች። ሙነወር ሊደግፋት ክንዱን ቢዘረጋ እጁን መለሰችበት። ጉልበቷ ይጮኻል። "ጩህ!" አለችው። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ድንጋይ ጨብጣ፣ ሣር ጨብጣ፣ ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ እየተጎተተ ወጣች። ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር አልቀረም።

ጉሙ ገና ከታች ነበር። ቀድማዋለች።

አገሩ በአራቱም በኩል ተዘረጋ። ሸንተረር ከሸንተረር በላይ፣ የገብስ ማሳው ቢጫ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል። ሥራነሽ ትንፋሿ ሳይመለስላት እጇን ዘረጋች።

"ያ ጨሞጋ ነው! ደብረ ማርቆስ የሚወርደው! ሙጋ በዚያ በኩል ነው፣ ሱሐ ከዚያ ወዲያ! ሁሉም ዐባይ ይገባሉ። ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አየህ? ልክ በሰሌዳው ላይ እንደሣልኳቸው ናቸው! ይኼንን አልዋሸሁም!"

"ስማቸውን ሁሉ ታውቂዋለሽ" አለ ዘማርያም። አምሳ ዓመት የኖረበትን አገር አዲስ እንግዳ እንዳሳየችው ሰው ዞሮ ዞሮ ተመለከተ። ሥራነሽ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ክፍል ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

ሙነወር ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ አፍጥጦ ቆሟል። በዚያ በኩል ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ግራጫ ብቻ ነው።

"ተቀይመህ ይሆናል" አለችው ቀርባ። "ብትቀየመኝ እውነትህን ነው።"

"አይደለም ቲቸር።" አንገቱን አከከ። "እኔ … እዚህ መንገድ ላይ እንግዳ ሳመላልስ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የአዲስ አበባ ሰው፣ ፈረንጅ፣ ሁሉንም። እስከ መኪናው መቆሚያ አደርሳቸውና እዚያው እጠብቃለሁ። 'ከጫፉ ጣና ይታያል፤ እኔ በዐይኔ አይቻለሁ' እላቸዋለሁ። ለሁሉም። እኔም ዛሬ ነው የወጣሁት።"

ሥራነሽ አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ከሁለቱም እኩል መጣ። ድንጋዩ ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ፣ ዘማርያምም ምኑ እንደሆነ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። ጉሙ የበቅሎዋ እግር ላይ ሲደርስ ሥራነሽ ዐይኗን ጠርጋ፣ በመምህርነት ዘመኗ በማታውቀው ኩራት ተነሥታ ቆመች።

"እንግዲህ አሁን ስማኝ" አለችው። "ከነገ ጀምሮ ለምታመጣው ሰው ሁሉ እዚህ ድረስ አብረህ ትወጣና ትነግረዋለህ። ጣና አይታይም በለው። ሌላው ሁሉ ግን ይታያል።"