በእግሯ የሞላችው ባትሪ

መብራተኛው ሳያመዛዝን ውሃ እንኳ አይጠጣም ነበር። በደረጃ መውጣትና በሊፍት መውጣት፣ የቱ ያዋጣል? ውሃ በምድጃ ይፍላ ወይስ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ? ርካሹ አምፖል ቶሎ ከሚቃጠል ውዱ አይሻልም ወይ? ሱቁ ካውያ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት ሳይሰማ አይወጣም። ሚስቱ «ሚዛኑ» ነበር የምትለው። «ሚዛኑ፣ እኔን ስታገባ ከማን ጋር አመዛዝነህ ነው?» ትለውና ሲያፍር እያየች ትስቃለች።

ኋላ ላይ ልቧ ደከመ፤ ሐኪሙም ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ አላት። ጉልበቷ መንገዱን አልችል ስላለ መብራተኛው ያን ቤት ውስጥ ካለበት ሳይንቀሳቀስ የሚነዳ ብስክሌት ገዛላት። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። የትም ለማያደርስ ነገር እግሬን አላለፋም አለች። እውነቷን እኮ ነው፤ የሱ ሚስት ሆና በከንቱ መልፋትን ከየት ትማረው!

ሰውየው አሰበ አሰበና ከአሮጌ መኪና የወጣ ዳይናሞ ከጎማው ጋር አገናኘ። ከሥሩ ባትሪ አስቀመጠ፤ ከባትሪው ገመድ ስቦ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሯ በላይ አንዲት ትንሽ መብራት ሰቀለ። በሒሳብ ከሄድን ኪሳራ ነው፤ ከሶኬት የሚመጣው በስንት እጥፍ ይረክሳል። እሱም አላጣውም። በዕድሜው አውቆ የከሰረው ያኔ ብቻ ነው። ሴትየዋ ግን ተነሣች! ጠዋት ጠዋት እያለከለከች ትነዳለች፤ ማታ ከመብራቷ ሥር ተቀምጣ ሹራቧን እየሠራች፣ «ዞር በል እንጂ፣ በእግሬ ያመጣሁት ብርሃን ነው፣ አትጋርደኝ» ትለዋለች።

ይህም ሁሉ ሆኖ አላቆያትም። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ ነድታ ወረደች፣ ደከመኝ ብላ ጋደም አለች፣ በዚያው ቀረች።

ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ መብራተኛው የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ይዞ ባትሪው አጠገብ ተንበረከከ። ለካ ያን ጠዋት የሞላችው ውስጡ አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ቢያበራው ያልቃል። ባያበራውም ባትሪ ቁጭ ብሎም ይደክማል፤ ይህን ከሱ በላይ ማን ያውቃል! ከሶኬት ቢሞላው ደግሞ የሷ መሆኑ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ምርጫ ሲያመዛዝን የኖረ ሰው በዚህች ነገር መላው ጠፋው። በመጨረሻ ማታ ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊያበራት ቆረጠ። ከወንበሯ ፊት ለፊት ተቀምጦ የቀኑን ወሬ ያወራላታል፤ የትኛው ደንበኛ እንደተከራከረው፣ የትኛው የተሠራለትን ምድጃ ረስቶ እንደሄደ። ሲያጠፋት «በይ እንግዲህ፣ ነገ» ይላል። መብራቷ በየማታው እየደበዘዘች ሄደች። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር?

ሴት ልጁ ትዳር ይዛ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። አባቷ ሱቅ ሲውል እየመጣች ቤቱን ታጸዳለታለች። አንድ ቀን ወንበሩን ስትወለውል መብራቷን ብታበራት ጭል ጭል አለች። ልጅቷ ያደገችው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፤ አባቷ ለመጣው ሁሉ «ባትሪ ባዶውን አይደር፣ ይሞታል» ሲል እየሰማች። በሐዘን ራሱን ጥሎ ዕቃውንም የረሳው መሰላትና አሳዘናት። ቻርጀሩን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣችና ባትሪውን ከሶኬት ሰካችው።

መብራተኛው ሲመሽ ቢገባ ቤቱ በዚያች መብራት ቦግ ብሎ ጠበቀው። በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ ባትሪህ ሊሞት ምንም አልቀረው ነበር። ደግነቱ እኔ ደረስኩለት» አለችው፣ ጎሽ እንዲላት እየጠበቀች።

ጎሽ አላት። ከዚያ ብስክሌቱን ተደገፈ። ልጅቷ ደንግጣ ምን ሆንክ ብትለው ምንም አለ፤ አልለቅህም ብላ ያዘችው።

«እናትሽ የሞላችው ነበር» አላት። «ያን ዕለት ጠዋት የነዳችው። ትንሽ ቀርታኝ ነበር።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ቻርጀሩን ነቀለችና እንደ ሕፃን ትለምነው ጀመር፤ አንተ መላ አታጣም፣ የኔን ብቻ ቀንሰህ የሷን ማስቀረት አይቻልም ወይ እያለች። ለሰው ሁሉ መላ የነበረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም። በሷ አልተቀየመም፤ በምን አፉ ይቀየማል? የተማረችው ከሱ ነው። ይኸው ነው ይበልጥ ያንገበገበው።

ሁለቱም ወንበሩን እያዩ ተቀመጡ። መብራቷ ከተሰቀለች ጀምሮ እንዲህ ደምቃ አታውቅም፤ ያላለቀው ሹራብ ከነመርፌው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው እንደ ወትሮው የቀኑን ወሬ ሊጀምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ተነሣ።

«ሰው ለማይቀመጥበት ወንበር በከንቱ አይብራ» አለና አጠፋው።