ብረቱ እስኪነጣ

ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓለም ሁሉ በብረት ፋብሪካው የእቶን ሠራተኛ ዓይን አምሮ ነበር። ጠዋት ሲነቃ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ቅቤ የተቀባ ይመስለዋል። ገመድ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች፣ ከጣሪያው በላይ የሚንሳፈፈው ደመና፣ ሁሉም ለዘብ ባለ ወርቃማ ብርሃን ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው እርጅና ይህ ከሆነ ምን ክፋት አለው ብሎ፣ ለማንም ሳይተነፍስ በደስታ ያዘው።

«ይቺ ቢጫ ሻሽ ታምርብሻለች» አላት ሚስቱን ያን ዕለት ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረ።

«የቷ ቢጫ?»

«ያሰርሻት ናታ!»

ሚስቱ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጋ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ አሥር ዓመት ያሰርኳትን ነጭ ሻሽ ገና ዛሬ አየሃት? ማሞገስ ካልሆነልህ ምናለ ብትተወው!»

የምትቀልድ መስሎት እሱም ሳቀ። ምሳውን ተቀብሎ ወጣ።

የሚሠራበት ፋብሪካ ላሜራ ያወጣል። ሠራተኞቹ «ፍራሽ» የሚሉት፣ በእርግጥም የሁለት ሰው ፍራሽ የሚያህል ወፍራም ብረት በእቶኑ አንደኛው በር ይገባና ለሰዓታት በእሳት መሐል ቀስ እያለ ይጓዛል። መጀመሪያ ደም ይመስላል፤ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ወደ ነጭ ሲያደላ «ነጣ!» ይባልና በሌላው በር ይወጣል። ውሃ በኃይል ተረጭቶበት ቅርፊቱን ካራገፈ በኋላ በሚሽከረከሩት ከባድ መዳመጫዎች መሐል ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ይሳሳል፣ ይረዝማል፣ ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ እየበረረ ሄዶ ይጠቀለላል። «ፍራሽ አስገብተን አንሶላ እናወጣለን» ይላሉ ሠራተኞቹ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያችኑ ቀልድ እየደገሙ።

«ነጣ!» የሚለው ታዲያ እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በእቶኑ ማያ ቀዳዳ ፊት ቆሟል። መከላከያ መነጽር ሲሰጡት ቀለሙን ያበላሽብኛል ብሎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። «ዓይናማው» ነው የሚሉት፤ ስሙን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳያውቀው አይቀርም። እቶኑ ላይ የሙቀት መለኪያም አለ፤ ነገር ግን በፋብሪካው የቆየ ልማድ አለ፤ መለኪያውና ዓይናማው ካልተስማሙ የሚረታው ዓይናማው ነው። የሚያስቀው ነገር የመለኪያው ቴክኒሻን የገዛ ልጁ መሆኗ ነው።

ከአንድ ወር ወዲህ ሁለቱ ጨርሶ አልተስማሙም። መለኪያው «ደርሷል» ሲል እሱ «ገና ነው» ይላል። ልጅቷ መለኪያው እሳቱን የሚያይበትን መስታወት ሦስት ጊዜ አውርዳ ወለወለች፤ ሽቦውን ቀየረች። ሠራተኞቹ «መለኪያሽ እንደ ሕፃን ይቸኩላል፣ ጡት አስጥዪው» እያሉ መሳቂያ አደረጓት። አባቷም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ልቡ ግን በልጁ ሥራ ማፈር ጀምሯል።

ያን ዕለትም ቀዳዳው ጋ ቆሞ ሳለ ልጁ ከኋላው መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ፍራሽ አልፎበታል። ይውጣ።»

«ገና ቢጫ ነው፣ የኔ እናት። ይንጣ።»

ልጅቷ ደጋግማ ለመነችው። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ውስጥ ማየቱን ቀጠለ። እሳቱ ውስጥ ጥላ የሌለበት ሰፊ ክፍል ያለ ይመስላል። ብረቱ መሐል ላይ ተኝቷል፤ ጠርዙ ከብርሃኑ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሕፃን ሆኖ ከሰዓት በኋላ በእንቅልፍና በንቃት መሐል ሲዋልል በዓይኑ ሽፋን በኩል የሚያየው ፀሐይ እንዲህ ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም። መዳመጫው ጋ ያሉት ሰዎች ሥራ ፈትተን ዋልን ብለው ሲጮኹ ነው የባነነው።

«በሉ አውጡት» አለ ቅር እያለው።

ብረቱ ብልጭታ እየረጨ ወጣ። ጠርዙ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው መዳመጫ ገና ሲነክሰው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረካከሰ፤ ፍርስራሹ መስመሩን ዘጋውና የማንቂያው ደወል ጮኸ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

የፈረቃው ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «ተቃጥሏል! ከእሳቱ መውጫው አልፎበታል!»

«መለኪያው ተናግሯል» አለች ልጅቷ።

«ወር ሙሉ ሲዋሽ የከረመ መለኪያ ዛሬ እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል? ጥፋቱ የመለኪያሽ ነው። ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትሠሪያለሽ፤ እዚህ የሚያምኑት መለኪያ ያስፈልጋል።»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ መለኪያው የሚያደርሰውን መሰላል ወጣችና መስታወቱን ፈትታ አወረደች። ከኪሷ አዲስ ጨርቅ አውጥታ በሰው ሁሉ ፊት ወለወለችው፤ ጨርቁንም ዘርግታ አሳየች። «እስቲ እዩ! የታለ ቆሻሻው?»

አባትዬው ጎንበስ ብሎ አየ። «ይኸውና!» አለ እልህ ይዞት። «ቢጫ በቢጫ ሆኖ የለ እንዴ!»

የመዳመጫው ሠራተኛ ጓንቱን ያስተካክል ጀመር። ልጅቷ የአባቷን ዓይኖች ትኩር ብላ አየች፤ ጨርቁን ቶሎ አጣጥፋ ጨበጠችው።

«ልክ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቆሽሿል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጋዘን እሄዳለሁ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። እሱ ይህን የተረዳው ከጨርቁ ሳይሆን ከሰዎቹ አንገት ነው፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። የጠዋቷ ሻሽ ትዝ አለችው። ግድግዳው፣ አንሶላዎቹ፣ ደመናው። ወር ሙሉ ይነጣል ብሎ ሲጠብቅ የኖረው ብረት ለእሱ መቼም አይነጣም። ከዚህ ቀዳዳ ከተነሳ ማን ነው? ዝም ቢል ዓይናማው እንደሆነ ይኖራል፤ ልጁ ራሷ በሩን ከፍታለታለች።

«እጅሽን ዘርጊው» አላት።

«ተወው አባዬ…»

«ዘርጊው አልኩሽ!» ወደ መዳመጫው ሠራተኛ ዞረ። «ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ሰውዬው ከጓንቱ ቀና አለ። «ነጭ ነው… ጋሼ።»

«መለኪያው አልዋሸም» አለ ለኃላፊው። «ወር ሙሉ የዋሸው የኔ ዓይን ነው። መጋዘን የሚሄድ ካለ እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ እንዲሄድ ነገረው። ስለ መጋዘን ዳግመኛ አላነሳም።

መስመሩ ተጠርጎ ሲያልቅ ከሰዓት ሆኖ ነበር። እቶኑ ውስጥ ሌላ ፍራሽ ወደ መውጫው በር እየቀረበ ነው። ልጅቷ መስታወቱን መልሳ አሰረችና ቁጥሩን ተመለከተች።

«ደረሰ፣ አባዬ።»

እሱ በቀዳዳው አየ። ብረቱ ቢጫ ነው፣ የሚያምር፣ ለስላሳ ቢጫ። «ገና» የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

«ነጣ!» ብሎ ጮኸ።