ዝም ያለው ቀፎ

አብዱልፈታሕ ጅማ አጠገብ የምትገኘው የየቡ ከተማ ሰው ናቸው፤ ቡናቸውም ማራቸውም ከአንዲት ቁልቁለት መሬት ነው። በዚያች መሬት ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ዋንዛው ላይ ደግሞ አንድ ቀፎ። ድሮ ቀፎው ብዙ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቡናውን እየነቀለ ጫት ሲተክል፣ ጫቱም ላይ መድኃኒት ሲረጭ ንቦቹ በየተራ አለቁ። የቀረው ያ ብቻ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ዝም ብሏል። አንድ ጠዋት ትልቅ መንጋ ወጥቶ ወደ ጫካው ነጎደ፤ ከዚያ ወዲህ የቀፎው አፍ ላይ የሚታዩት ንቦች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ።

ጎረቤታቸው ፋሂም መሬቷን ተከራይቶ፣ ዋንዛውን ጥሎ ጫት ሊተክልባት ሲለምን ከርሟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫት ያበላዋል፣ እሱም ጫት ያበዛል። አብዱልፈታሕ ሁልጊዜ «ንብ እያለ ዛፍ አይቆረጥም» እያሉ ይመልሱት ነበር። አሁን ግን ምን ይበሉት? «ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ና፣ ቃሌን እሰጥሃለሁ» አሉት።

ልጃቸው ሱሀይላ ጅማ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች። ወሬውን በስልክ ስትሰማ ረቡዕ ዕለት ከተፍ አለች።

«ቀፎው መሞቱን በምን አወቁ?» አለቻቸው።

«ዝም አለ።»

«ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል?»

አብዱልፈታሕ ዛፉ ላይ ወጥተው እንዳያዩ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል፤ ቀፎውን ቢከፍቱት ደግሞ የተረፉትም ጥለው ይሄዳሉ። ሱሀይላ ከቦርሳዋ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦርድ አወጣች። መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ያገኘችው፣ ከተጣለ የዋይፋይ ሳጥን የወጣች ናት። ማይክ ተገጥሞላት ቀፎው ሥር ከተሰቀለች የሰማችውን ወደ ስልክ ትልካለች አለች።

«ስልኩን ራሱን ለምን አትሰቅዪውም?»

«ባትሪው ሳይመሽ ያልቃል። ይቺ ግን በአንዲት ትንሽ የፀሐይ ፓነል ትኖራለች።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ብለው ተቀመጡና ሥራዋን ያዩ ጀመር። ቦርዷ ላይ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት መጫን አለበት። ሱሀይላ እየሠራች አስረዳቻቸው፦ ከርነል የሚባለው ቀድሞ ይነቃል፤ ነቅቶ የሚገባበት ቤት ደግሞ ሩት ፋይል ሲስተም ይባላል። ትእዛዙም መሣሪያውም ያለው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ችግሩ የቦርዷ ሜሞሪ ሁለት ሦስት ፎቶ ከያዘ የሚሞላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትጥል ዋለች፤ ስክሪን ለሌላት ቦርድ የማያስፈልገውን ሥዕል፣ ማንም የማያነበውን ቋንቋ፣ የወረቀት ማተሚያ ፕሮግራሙን ሁሉ ጣለች። የተረፈውን ጨምቃ ጫነችውና መብራት ሰጠቻት።

ላፕቶፑ ላይ ነጭ ጽሑፍ እየተግተለተለ ወረደ፤ ከዚያ ድርቅ ብሎ ቆመ።

«ምን አለች?» አሉ አብዱልፈታሕ።

«ነቅቻለሁ፣ ቤቴን ግን መክፈት አቃተኝ አለች።»

ነገሩ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አሳዘነቻቸው። ሱሀይላ ጽሑፉን መልሳ መላልሳ አነበበችና ግንባሯን መታች። የተጨመቀውን ቤት የሚከፍተውን ክፍል ራሱን ቤቱ ውስጥ ጨምቃ አስገብታዋለች።

«ቁልፉን ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁት፣ አባኮ» አለች እየሳቀች። ክፍሉን አውጥታ ከከርነሉ ጋር አደረገችውና እንደገና ጫነች።

አሁን ጽሑፉ አልቆመም። መጀመሪያ አንዲት ሥራ ተነሣች፤ ከእሷ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ሌላዋ። «ሁሉንም የምትወልደው የመጀመሪያዋ ናት» አለች ሱሀይላ። «እሷ ከሞተች ሁሉም ይቆማል።»

«ከኒሳ ነዋ» አሉ አብዱልፈታሕ፤ ንብን በአፍ መፍቻቸው በኦሮምኛ ጠርተው። ቦርዷን አንስተው አገላብጠው አዩዋት። ከእጃቸው መዳፍ የማትሰፋ ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ መዋለድ! «ሱብሃነላህ» አሉ፤ ሌላ የሚሉት አጡ።

ሐሙስ ሱሀይላ ተሸፋፍና በመሰላል ወጣች፤ ማይኩን ከቀፎው ስንጥቅ አስጠግታ፣ ጉንጯን አንድ ጊዜ ተነድፋ ወረደች። አብዱልፈታሕ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

መጀመሪያ ቀጭን እምምታ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ድምፅ ረዘም ብሎ ተጣራ፤ ቀጥሎ አጠር አጠር እያለ ደገመ። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ውስጥ፣ የታፈኑ የሚመስሉ ሌሎች ድምፆች መለሱለት።

ዕድሜያቸውን ከንብ ጋር ኖረው ይህን ሰምተው አያውቁም። አባታቸው ንግሥት ስትወለድ ትጣራለች ሲሉ ተረት ይመስላቸው ነበር።

«ከመንጋው ጋር የሄደችው እናቲቱ ናት» አለች ሱሀይላ፤ ያነበበችውን አስታውሳ። «የምትጣራው ልጇ ናት። የሚመልሱላት እህቶቿ ናቸው፤ ገና ከሰም ቤታቸው አልወጡም።»

አብዱልፈታሕ የዋንዛው ሥር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ሞቷል ብለው ሊያስቆርጡት የነበረው ቤት ውስጥ ንግሥቶች እየተጠራሩ ነው። ከላያቸው ላይ ይህን ያህል ሕይወት ተቀምጦ ሳይሰሙ መኖራቸው አስደነገጣቸው፤ እንባቸውንም አላበሱትም።

ፋሂም የመርጫ ጋኑን በጀርባው እንዳዘለ ከጫቱ ማሳ መጣ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባ ሱሀይላ። ምነው፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። መጀመሪያ ይቺን ስማ» ብለው ስልኩን ሰጡት።

ፋሂም ጆሮው ላይ አደረገው። ግራ ገብቶት አያቸው፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ዋንዛውን አየ። በአንድ እጁ ጋኑን ከጀርባው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዛፉ አይቆረጥም» አሉ አብዱልፈታሕ። «መሬቱንም አላከራይም። ብዙ አመላለስኩህ፣ አትቀየመኝ።»

ፋሂም ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። ተቀየመ ብለው ሠጉና «ሰማኸኝ?» አሉት።

ዓይኑን ከዛፉ ሳይነቅል ቆዩ እንደማለት እጁን አነሣ።

«ቆይማ፣ አባ ሱሀይላ» አለ፤ እርስዎ ማለቱንም ረስቶ። «ገና እየተጠራሩ ነው።»