መርዶ የመሰለው ምስል

ወፍጮ ቤቴን ሸጬ ቢቸና ላይ ኢንተርኔት ቤት ስከፍት ብዙ ሰው ሳቀብኝ። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴት ከኮምፒውተር ጋር ምን አላት አሉ። ይበሉ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ልጃቸው ሳባ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ከፎቅ ወደቀች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ልጅቱ ደውላ ደኅና ነኝ ብትልም አላመኑም። በእኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ «ትንሽ አሟታል» እየተባለ ይደበቃል። ድምፅማ የማንም ሊሆን ይችላል ይላሉ። ስለዚህ ሳባ አሠሪዎቿ ሲወጡላት በምስል እንድትደውል ተቀጣጠርን።

ደወለች። ፊቷ ወጣ፤ «እማ» አለችና ደረቀች። አፏ እንደተከፈተ፣ ዓይኗ እንደተከደነ ቀረ።

እትዬ ይርጋነሽ ተነሡ። «ይኸ ፎቶ ነው። ፎቶ ልታሳዩኝ ነው የጠራችሁኝ?»

ኔትወርኩ ነው ብላቸው ማን ይስማኝ። ወጥተው ከጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል፤ በቁሟ ሊለቀስላት ነው።

የኢንተርኔት መስመሩን የሚጠግነው አስናቀው አንድ ቀን አስረድቶኛል። ቢቸናም ጎረቤት ከተማችን ሞጣም የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይከፍትም ተብሎ ከሚችለው በላይ ለብዙ ቤት ተሸጧል። እሁድ ግን ሁሉም ይከፍታል። ፊልም የሚያወርድ ሰው ቢዘገይበት ምንም አይሆንም፤ የሚነጋገር ሰው ግን ትንሽ ከተቋረጠበት ወሬው ሁሉ ይበላሻል። መስመሩ ይኸን አይለይም። እኔ ወፍጮ ቤት ሳለሁ የለቅሶ ቤት እህል ከመጣ ወረፋ አይጠብቅም ነበር፤ ጆንያው ቀድሞ ይገባል፣ የሚያጉረመርምም የለም።

ቤቴ ያሉትን ሁሉ እጃችሁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሡ አልኳቸው። ይታገስ የሚባለው ኳስ አፍቃሪ፣ «እትዬ ሥርጉት፣ ዳኛውም እንዲህ አያስቆም» አለኝ። ገመዱን ነቀልኩበት። ሳባ ትንሽ ተንቀሳቀሰችና ተመልሳ ደረቀች።

የቀረው ሞጣ ነው። እዚያ ትልቁ ኢንተርኔት ቤት የባንቺዓለም ነው። አንድ ነጋዴ ያመጣቸውን ኮምፒውተሮች ቀድሜ ስለወሰድኩባት ከተኳረፍን ቆይተናል። ደወልኩላት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስጂብኝ ነው?»

«መስመሩን» አልኳትና ነገሩን ነገርኳት።

ቤቷ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጫጫታው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሰዉን ምን ልበለው?»

«መርዶ እየመለስን ነው በያቸው።»

ስልኩን ሳትዘጋው ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። እትዬ ይርጋነሽ በሩ ላይ ደርሰዋል፤ ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። ሳባ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እሳቸው ግን «ተነሺ» አሏት። «ሂጂ እስቲ።»

ልጅቱ አመነታች። ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጄሶ ተጠቅልሏል። እያነከሰች ትንሽ ሄዳ ወደ እኛ ዞረች።

እትዬ ይርጋነሽ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «በቃ፣ ተቀመጪ። እግር ይድናል» አሏት ቀስ ብለው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ግን ለምን ደበቅሽኝ ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው።

ባንቺዓለም መልሳ ደወለች፤ ሰዎቹን ልልቀቃቸው ወይ አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። «ተቆጥተው አልጨረሱም።»