በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ኦድኒ

በአይስላንድ ገረዶችና አሽከሮች ጌታ የሚለውጡበት የፀደይ ሰሞን ሊያበቃ አንድ ምሽት ሲቀረው ኦድኒ ገና ግሪድ አላገኘችም ነበር፤ የቤተሰብ አባል አድርጎ የሚቀበላት ቤት ማለት ነው። ጌታዋ በክረምቱ ሞቶ ቤቱ ተበትኗል። ከዚህ ምሽት በኋላ ግሪድ የሌለው በሕግ ወሮበላ ነው፤ ያበላውም ይከሰሳል።

ኦድኒ ቃሉን የለመደችው ከወንዶች አፍ ነበር። ደም የተቃቡ ሰዎች ጦራቸውን አስቀምጠው፣ ምስክር አቁመው፣ እየማሉ «ግሪድ ሰጥቼሃለሁ»፣ ከእንግዲህ አልነካህም እንደ ማለት፣ ሲባባሉ ሰምታለች። ስለዚህ ያለ መሐላ ግሪድ ያለ አይመስላትም።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ዮሩን የምትባል ባልቴት ቤት ደርሳ «ግሪድ ፈልጌ ነበር» ስትል፣ ዮሩን የኦድኒን እጆች አየችና «እንግዲያው ላሞቹን እለቢ» አለቻት። አለበች። ፍግ በተነች። እራት ላይ ቅቤ የተቀባ ደረቅ ዓሣ ተሰጣት። መሐላ ግን የለም። ጓዟን እንደ ቋጠረች በሩ አጠገብ፣ መንገደኛ የሚያርፍበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቤት ለቤት እየዞረ ወሮበላ የሚያጣራ ቤርሲ የሚባል ጎረቤት ያን ጊዜ ገባ።

«አንቺ፣ ግሪድሽ የት ነው?»

ኦድኒ «የለኝም» ልትል ስትል ዮሩን ከምድጃው ሳትዞር መለሰች።

«ዓይንህን አመመህ እንዴ ቤርሲ? እዚሁ ነዋ!»

«በር ላይ ተጎልታ?»

«ሞኝ ስለሆነች! አንቺ፣ ማን እዚያ ተቀመጪ አለሽ? መኝታሽ ያውልሽ፣ ከግድግዳው ሥር። ከጠዋት ጀምሮ ተነጥፎልሻል።»

«እመቤቴ፣ እስኪምሉልኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«የምን መሐላ? ሰው ገደልሽብኝ?»

ቤርሲ ሳቁ አመለጠው።

«እናቴ ስትነግረን» አለች ዮሩን፣ «ግሪድ ድሮ ቤትና መኝታ ብቻ ነበር። ወንዶቹ ተፋጅተው ተፋጅተው እርቅ ሲያምራቸው፣ ስም ቸግሯቸው ከእኛ ጓዳ ወሰዱት። አብሮህ የሚያድረውን አትወጋማ!»

«ካላንኮራፋ» አለ ቤርሲ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ለመሄድ እየተነሣ።

ኦድኒ ወደ መኝታው ሄደች። ከግድግዳው ወዲያ ላሞቹ ስለሚያድሩ ሙቀቱ ጀርባዋ ላይ ተሰማት። ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጓዟን ቋጠሮ ፈታችው።

«ነገ ላሞቹ ቀድመውሽ እንዳይነሡ» አለች ዮሩን።

ኦድኒ ግን አልሰማቻትም፤ እንቅልፍ ወስዷታል።