ለየብቻ የተፈተነ ደወል

ማተሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰው ተቆጠረ፤ አንድ ጎደለ። እንደገና ተቆጠረ፤ አሁንም አንድ ጎደለ። እኔ ግን ማን እንደጎደለ ገና በመጀመሪያው ቆጠራ ስላወቅኩ እየሮጥኩ ወደ ውስጥ ገብቻለሁ።

የእሳት አደጋ ልምምድ ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ደወል ንድፍ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከታች የሚጮኸውንም፣ ከላይ ብልጭ የሚለውን መብራትም። መብራቱን ያስገባሁት ለጌጥ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፤ በዚህ ማተሚያ ቤት መጨረሻ ክፍል ውስጥ ብቻውን መጽሐፍ ይጠርዛል። ደወላችን እዚህ ሊተከል ነው ሲባል እንዴት እንደተደሰትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክፍሉ ስደርስ አቀርቅሮ ሙጫ ይቀባል። ጩኸቱ ጭንቅላቴን ሊበረቅሰው ደርሷል። ቀና ብዬ መብራቱን አየሁ። ብልጭ አይልም። ስልል ያለ ብርሃን ፈዘዝ ብሎ ታየና መልሶ ጠፋ፣ ድንጋዩ እንዳለቀ የእጅ ባትሪ። ወንድም ጋሼን በክርኔ ነካ አደረግኩት። ቀና ሲል አየኝና ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ መሆኑን አስተዋለ። ፈገግታው ጠፋ። ደወሉ እየጮኸ መሆኑን ያወቀው ከእኔ እጅ ነው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

ግቢ ስንወጣ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እጁን አጣምሮ ይጠብቀናል።

«እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ከደወል ወርክሾፓችን አብሮኝ ለመጣው አለቃዬ። «ደወል የማይሰማ ሰው መጨረሻ ክፍል አስቀምጬ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ ይቀመጥ።»

አለቃዬን በሌለበት በጩኸት መለኪያው ስም «ዴሲቤል» እንለዋለን። ከጩኸት በቀር የሚገባው ነገር የለም። ደንበኛ ሲመጣ ደወሉን ጆሮው ሥር ያስጮኸውና ሰውዬው ደንግጦ ሲዘል በሳቅ ይንከተከታል።

«መብራቱ ይሠራል» አለ ኮራ ብሎ። «ተፈትኖ ተፈርሞበታል። ሰውዬው ቀና ብሎ አላየም እንጂ።»

«ቀና ቢልስ ምኑን ነው የሚያየው?» ብዬ ጮህኩ።

«ወንድምሽ ስለሆነ ነው። ተረጋጊ እንጂ።»

ተረጋጊ ሲሉኝ ጭራሽ እንደሚብስብኝ ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። ወንድም ጋሼ የሁሉንም ከንፈር ሲያነብ ቆይቶ፣ ሙጫ የነካ ጣቱን በሽርጡ ጠረገ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቶበታል እዚያ ቤት።

በማግሥቱ ወርክሾፕ ስገባ ሰላም ያልኩት ሰው የለም። የማተሚያ ቤቱን ያህል የሚረዝም ሽቦ ዘረጋሁ፤ ሃያ ደወል ደረደርኩበት፤ መብራቱንም ጩኸቱንም አንድ ላይ ለቀቅኩት። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን ይዞ እየተራገመ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ መብራቶች ዓይን ያጠፋሉ። ከአሥራ አራተኛው ወዲያ ያሉት ግን በድን ናቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። መብራቱ ኃይሉን ካፓሲተር ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረገ ያጠራቅምና ባንዴ ይረጨዋል። ጩኸቱ ማጠራቀም አያውቅም፤ የመጣለትን እየነጠቀ ይጮኻል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለችውን ጩኸቱ ይወስዳታል፣ መብራቱ ጦሙን ያድራል።

እስከዛሬ እንዴት አላየነውም? የምጮህበት ሰው ፈለግኩ። ግዢ ክፍሉ የማይረባ ካፓሲተር አምጥቶ ይሆናል ብዬ ለካሁ፤ ካፓሲተሩ ምንም አልሆነም። ዴሲቤል ሳይነግረኝ ጩኸቱን ከፍ አድርጎት ይሆናል አልኩ፤ አልነካውም። ኋላ ላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፍተሻ መመሪያ አነበብኩ። «መብራት ሲፈተን የጩኸቱ ሽቦ ይነቀል። ጩኸት ሲፈተን የመብራቱ ሽቦ ይነቀል።» ጆሯችንም ዓይናችንም እንዲተርፍ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ማንም አይችላቸውም፣ ራስ ያዞራሉ። እናም ሦስት ዓመት ሙሉ አብረው የተፈተኑበት አንድ ቀን የለም። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ወረቀቱን ገንጥዬ ብጫጭቀውም ምንም አልቀለለኝም።

ዴሲቤል ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። «ጩኸቱ በየሰከንዱ ትንፋሽ ይውሰድ፤ በዚያች መሃል መብራቱ ይሞላል። ሽቦውም ይወፍር።»

«አርሚዋ» አለ። «ግን ሹክ እንዳትዪ። ጥፋቱ የእኛ ነው የሚል ደብዳቤ ምናምን እንዳላይ።»

«ካልጻፍኩ ሰኞ ወንድሜ ከሥራ ይወጣል።»

«ሌላ ሥራ ይፈለግለታል። ደግሞ ፊርማው የማን እንደሆነ አትርሺ።»

«የማን እንደሆነ ነው የምጽፈው» አልኩት። በሩን እንዴት እንደዘጋሁት የሰሙት ይናገሩ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። መብራቱ አይሠራም፤ ሠራተኛው ምንም አላጠፋም፤ በደንብ ሳልፈትን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ እስኪታረም ድረስ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ከሰው ጋር ይሥራ» አለ። ይቅርታ የምትባል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም።

የደብዳቤውን ቅጂ ይዤ ወንድም ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ምስጋና ጠብቄ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከልጅነታችን ጀምሮ በምንግባባበት የእጅ ቋንቋ ጠየቀኝ።

«ለምንድን ነው ለየብቻ የምትፈትኑት?»

«ጩኸቱ አይቻልማ!» አልኩ እጄን እያወናጨፍኩ። «እሱ ሥር ቁጭ ብሎ መብራቱን የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል?»

እጆቹ አየር ላይ ቆሙ። ወንድም ጋሼ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ቁጣ የእኔ ድርሻ ነው። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«እኔስ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት ለእሱ ብዬ ስለፋ፣ ያ ጩኸት ሥር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መብራቱን ሊቆጥርልኝ የሚችለው እሱ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ለእኔ ብለሽ ሠራሽው» አለ፣ ደረቱን በጣቱ እየመታ። «እኔን ግን አልጠራሽኝም።»

ላስረዳው እጄን አነሳሁ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ወንድም ጋሼ ዓይኑን ከጨፈነ ከእንግዲህ የምትይውን አልሰማም ማለቱ ነው። እጆቼን አየር ላይ እንዳነሳሁ ፊቱ ቆሜ ቀረሁ።